በነፍስ ወከፍ ስለሚከፈል የሕክምና ገንዘብ፤ ነቀምቴና የወለጋ ከተሞች እንደ ምሳሌ

መግቢያ

ሰው ሲታመም የሚታከምበት ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ለጤና ጣቢያው በምን መንገድ ይከፈል የሚለው ግን የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ እየመሰለ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ የምንሞክረው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። የአከፋፈሉ መንገድ ሲለወጥ የባለሞያው ሥራ፣ የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያና የበሽተኛው ዕድል አብረው ይለወጣሉና ነገሩ ለሒሳብ ክፍል ብቻ የሚተው አይደለም።

ምሳሌያችንን የወሰድነው ከነቀምቴና ከሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ነው። ወለጋ ደጋውንና ቆላውን፣ በአስፋልት ዳር ያለውን ከተማና ከመኪና መንገድ የራቀውን ቀበሌ፣ ለረጅም ዘመን በአንድ ቦታ የኖረውን ቤተሰብና ከቀዬው ተፈናቅሎ የተጠለለውን ሰው ባንድነት የያዘ አገር ስለ ሆነ፣ አንድ የክፍያ ደንብ በልዩ ልዩ ሁኔታ ውስጥ ምን እንደሚያስከትል ለመመልከት ያመቻል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. የጤና መድኅን አጀማመር

በ1990 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ጤና አገልግሎት ገንዘብ አመጣጥ አንድ ስልት አጸደቀ። የስልቱም ዋና ሐሳብ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ከሕመምተኞች የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ከማስረከብ ይልቅ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት፣ ሕዝቡም ታሞ በተጨነቀበት ሰዓት ከኪሱ ከመክፈል ይልቅ አስቀድሞ በመድኅን እንዲረዳዳ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች ተቀየሱ። አንደኛው በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 690 የተደነገገው የማኅበራዊ ጤና መድኅን ነው፤ ይህም ደመወዝተኞችንና ጡረተኞችን የሚመለከት ሲሆን ሥራ ላይ መዋሉ በተደጋጋሚ ሲተላለፍ ቆይቷል። ሁለተኛው ለገበሬው፣ ለነጋዴውና በየግሉ ሠርቶ ለሚያድረው ሰው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው። ይህ ሁለተኛው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በኦሮሚያ ለሙከራው የተመረጡት ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ነበሩ። እንደሚታየው ከወለጋ አንድም ወረዳ በመጀመሪያው ሙከራ አልገባም፤ የወለጋ ወረዳዎች የመጡት መድኅኑ ከሙከራ ወጥቶ ሲስፋፋ ነው።

በሙከራው ጊዜ የኦሮሚያ አባል ቤተሰብ መዋጮ በወር 15 ብር፣ በዓመት 180 ብር ነበር። የፌዴራል መንግሥት በመዋጮው ላይ አንድ አራተኛ ይጨምር ነበር፤ መክፈል የማይችሉትን ድኾች ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸው ነበር። መዋጮው ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። ሆኖም የመነሻውን መጠን ማስታወስ ይጠቅማል፤ በአንድ ቤት አምስት ሰዎች አሉ ብንል 180 ብር ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 36 ብር ብቻ ይደርሳል። ከዚህች 36 ብር ውስጥ ጤና ጣቢያውም ሆስፒታሉም ድርሻቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጥያቄያችን ስለ ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ጥቂቱን ገንዘብ ሳይባክን ስለ ማካፈል መሆኑን አንባቢ ከመጀመሪያው እንዲያውቅልን ያስፈልጋል።

፪. በአገልግሎት ልክ መክፈል

እስከ ዛሬ ባብዛኛው የተለመደው አከፋፈል በአገልግሎት ልክ የሚፈጸመው ነው። አባሉ የመድኅን መታወቂያውን ይዞ ውል ወደ ተፈጸመበት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ይመረመራል፤ መድኃኒት ይሰጠዋል። ጤና ጣቢያውም ለካርድ፣ ለላቦራቶሪና ለመድኃኒት የወጣውን በየበሽተኛው ስም መዝግቦ ያቆይና ሦስት ወር ሲሞላ የክፍያ ጥያቄውን ለወረዳው መድኅን ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱ ወረቀቱን አስመርምሮ ይከፍላል።

ይህ አከፋፈል አንድ ትልቅ መልካምነት አለው፤ የሠራ ይከፈለዋል። በሽተኛ በመጣ ቍጥር ለጤና ጣቢያው ገቢ ይሆናልና አባሉን የማባረር ምክንያት አይኖርም። ጉድለቱ ግን ከዚሁ ከመልካምነቱ ይወለዳል። የሚከፈለው በተሠራው ልክ ከሆነ ሥራውን ማብዛት ያተርፋል፤ አንድ መርፌ በሚበቃበት ሁለት፣ አንድ ምርመራ በሚበቃበት ሦስት ማዘዝ ይመጣል። ሁለተኛም የወረቀቱ ሥራ ይበዛል። የእያንዳንዱ በሽተኛ ወረቀት ተጽፎ፣ ተደምሮ፣ ተመርምሮ እስኪከፈል ድረስ ወራት ያልፋሉ።

የክፍያ መዘግየት የሚያስከትለውን ነገር ከመካከላችን በገጠር ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዞ የማያውቅ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ጤና ጣቢያው ያለፈው ሩብ ዓመት ገንዘብ ካልተከፈለው ለሚቀጥለው መድኃኒት መግዣ ያጣል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በነቀምቴ ቅርንጫፍ አለው፤ ሆኖም መጋዘኑ ቅርብ መሆኑ የመግዣ ገንዘብ ላጣ ጤና ጣቢያ ምን ይረባዋል? አባሉ መታወቂያውን ዘርግቶ ይታያል፤ ይመረመራል፤ ከዚያ «መድኃኒቱ ከእኛ ዘንድ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ተብሎ ወረቀት ይሰጠዋል። መዋጮውን ከፍሎ፣ ለግል መድኃኒት ቤት ዳግመኛ ይከፍላል። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ሰብሳቢው ቤቱ ሲመጣ ምን ብሎ እንደሚመልስ መገመት አያዳግትም።

፫. በነፍስ ወከፍ መክፈል ምን ማለት ነው

በነፍስ ወከፍ መክፈል ማለት ለጤና ጣቢያው ባከመው ሰው ቍጥር ሳይሆን በተረከበው ሰው ቍጥር መክፈል ነው። አባሉ አስቀድሞ በአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለዚህ ሰው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና በዓመት የሚበቃው ገንዘብ ተተምኖ ለጤና ጣቢያው በቅድሚያ ይከፈላል። ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ ባይታመምም ገንዘቡ ያው ነው፤ ዐሥር ጊዜ ቢመላለስም ያው ነው። በእንግሊዝኛው ካፒቴሽን የሚባለው ይህ ነው፤ አማርኛው ግን «ነፍስ ወከፍ» የሚል ጥሩ ቃል ስላለው እኛ በዚሁ እንጠቀማለን።

ነገሩን ከዕድራችን ጋራ ብናስተያየው ይበልጥ ይገባል። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ የሚከፈለው በየወሩ ነው እንጂ በሞተው ሰው ቍጥር አይደለም። በየቀብሩ ቢከፈለው ኖሮ የሰፈሩ ሐዘን የእርሱ ገቢ በሆነ ነበር። በወር ስለሚከፈለው ግን ሰፈሩ ሰላም ሲያድር እርሱም ያርፋል። ጤና ጣቢያውም በነፍስ ወከፍ ሲከፈለው የሕዝቡ ጤንነት ጥቅሙ ይሆናል፤ አጎበር የተዘረጋበት፣ ውሃው የተጠበቀበት፣ የደም ግፊቱ አስቀድሞ የታወቀለት ቤት ወጪ ይቀንሳልና። ነገር ግን ሌላም ወገን አለው። በወር የሚከፈለው ጥሩምባ ነፊ ሌሊት በዝናብ ሲጠሩት እንዳልሰማ ሆኖ ቢተኛ ደመወዙ አይጎድልበትም። የዕድሩ ዳኛና ጎረቤቱ የሚጠይቁት ስለ ሆነ ብቻ ይነሣል። በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው ጤና ጣቢያም እንዲሁ ነው፤ ያልመጣ በሽተኛ ትርፍ ይሆንለታል። ስለዚህ ጠያቂ ያስፈልገዋል።

የመጡትን ብቻ ሳይሆን የተረከቡትን መቍጠር ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በወለጋ የዘመናዊ ሕክምና አጀማመር በአብዛኛው በሚስዮን ሐኪሞች ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ዓ.ም. ወደ ሳዮ፣ ማለት ወደ ዛሬው ደምቢ ዶሎ መጣ፤ በነቀምቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኤሪክ ሶደርስትሮም የተባለ የስዊድን ሚስዮን ሐኪም ይሠራ ነበር። ቆይቶም የጊምቢና የአይራ ሆስፒታሎች ተቋቋሙ። እነዚህ ሁሉ ለብዙ ሰው ደርሰዋል፤ ሆኖም ሆስፒታል በጠባዩ የሚያውቀው በሩ ድረስ የመጣውን ሰው ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ግን ሌላ አሳብ ይዞ ተነሣ። የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የጤና አጠባበቅ ባለሞያ ባንድነት ሆነው አንድ ጤና ጣቢያ 50,000 ያህል ሕዝብ እንዲጠብቅ ታሰበ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው፤ ዛሬ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ሥር እስከ 25,000፣ በአንድ ጤና ኬላ ሥር እስከ 5,000 ሰው ይመደባል። እንግዲህ ሥራው በነፍስ ወከፍ ተደልድሏል ማለት ነው፤ ክፍያው ብቻ ነው ወደ ኋላ የቀረው።

፬. ስሌቱ

የነፍስ ወከፍ ተመን የሚወጣው ሁለት ነገሮችን በማባዛት ነው። አንደኛው አንድ ሰው በዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል የሚለው ነው። ሁለተኛው ለአንድ ጊዜ ሕክምና በአማካይ ስንት ብር ይወጣል የሚለው ነው። የሠራተኛው ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ስለሚከፈል እዚህ የሚገባው ወጪ ለመድኃኒት፣ ለላቦራቶሪና ለመሳሰለው የሚውለው ነው።

ለማስረጃ ያህል ብቻ የሚከተለውን ቍጥር እንውሰድ። አንድ ጤና ጣቢያ 20,000 የመድኅን አባሎች አሉት እንበል። እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ይታከማል፤ የአንዱ ሕክምና ወጪ 150 ብር ነው። እንግዲህ ተመኑ በነፍስ ወከፍ 150 ብር፣ የጤና ጣቢያው የዓመት ገንዘብ 3,000,000 ብር፣ በየሩብ ዓመቱ በቅድሚያ የሚደርሰው 750,000 ብር ይሆናል።

አሁን ሁለት ዓመቶችን እናስተያይ። በመጀመሪያው ዓመት በሽታ ቀለል ብሎ 16,000 ሰው ብቻ ታከመ። ወጪው 2,400,000 ብር ይሆናል፤ 600,000 ብር ይተርፋል። ጤና ጣቢያው በዚህ ትርፍ የላቦራቶሪ ዕቃ ቢገዛበት ወይም የውሃ ታንከር ቢያስተክልበት መልካም ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን ወረርሽኝ ገብቶ የታካሚው ቍጥር 30,000 ደረሰ። ወጪው 4,500,000 ብር ይሆናል፤ ጕድለቱም 1,500,000 ብር ነው። ጤና ጣቢያው ከየት ያመጣዋል? ወይ መድኃኒት ያጣል፤ ወይ በሽተኛውን ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ ወይ ሳይወድ በሩን ያጠባል።

ይህ ስሌት የነፍስ ወከፍን ክፍያ እውነተኛ ጠባይ ያሳያል። በአገልግሎት ልክ ሲከፈል የበሽታ መብዛት አደጋ የሚወድቀው በመድኅኑ ሣጥን ላይ ነው። በነፍስ ወከፍ ሲከፈል ግን አደጋው ወደ ጤና ጣቢያው ትከሻ ይዛወራል። ሸክሙን ሊሸከም የሚችለው ትከሻ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ በከተማ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ብቻ የሚመለስ አይደለም፤ አገሩን ማየት ይጠይቃል።

፭. ደጋና ቆላ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ነቀምቴ ይደረሳል። ነቀምቴ ወይና ደጋ ናት። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲጓዙ ግን መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ እንደ ገና ይወጣል። በሰሜን በኩል በአንገር ሸለቆ ጉትን ይገኛል። እነዚህ ሸለቆዎች ለም ናቸው፤ ግን ወባማ ናቸው። በሌላ ወገን ሻምቡና አርጆ ብርዳም ደጋዎች ናቸው፤ በዚያ የሚበዛው የሳንባ ምችና የመሳሰለው የብርድ አገር በሽታ ነው።

ወባ በወለጋ የአሳብ ምሳሌ ብቻ አይደለም። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት መግለጫ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ዓ.ም. ድረስ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ከክልሎችም ብዙ ሕመምተኛ የተገኘው በኦሮሚያ ሲሆን ምዕራቡ፣ ወለጋም ጭምር፣ በብርቱ ከተጎዱት አንዱ ነበር። የወባ መድኃኒት በመንግሥት ፕሮግራም በነፃ ይመጣል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ወባ የያዘው ሰው የሚያስፈልገው እርሱ ብቻ አይደለም። ግሉኮስ አለ፤ የራስ ምታት ማስታገሻ አለ፤ የደም ማነስ ምርመራ አለ፤ ወባ ነው ተብሎ ተመርምሮ ሌላ ትኵሳት የሚገኝበትም አለ።

እንግዲህ ለሻምቡና ለጉትን በነፍስ ወከፍ እኩል 150 ብር ብንሰጥ ፍትሕ የሠራን ይመስለናል እንጂ አልሠራንም። የደጋው ጤና ጣቢያ ሳይደክም ያተርፋል፤ የቆላው እየደከመ ይከስራል። እኩል ክፍያ ለእኩል ሸክም ነው። ስለዚህ ተመኑ በቦታው የበሽታ ሁኔታ፣ በሕዝቡ ዕድሜና በርቀቱ ልክ ከፍና ዝቅ ማለት አለበት። ሕፃናትና ሽማግሌዎች ከጎልማሳው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይታመማሉና የእነርሱ ነፍስ ወከፍ ከፍ ሊል ይገባዋል። ከመኪና መንገድ የራቀው ጤና ጣቢያም መድኃኒቱን በበቅሎና በሞተር ቢስክሌት የሚያጓጕዝ ስለ ሆነ ወጪው ከነቀምቴ ጋራ አይተካከልም።

የወረርሽኙን ነገር በተመለከተ ግን ተመን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ቀድሞ በወሰድነው ምሳሌ ላይ ከ150 ብሩ ሌላ በሰው 15 ብር ለመጠባበቂያ ቢቀመጥ ከአንድ ጤና ጣቢያ 300,000 ብር ይገኛል። ዐሥራ ሁለት ጤና ጣቢያዎች ቢተባበሩ 3,600,000 ብር ይሆናል። ከመካከላቸው ሁለቱ ቆላዎች ወረርሽኝ ቢመታቸው የሁለቱ ጕድለት 3,000,000 ብር ነውና ይሸፈናል። አንድ ወረዳ ለብቻው ይህን ማድረግ ያዳግተዋል፤ ቆላው ሁሉ ባንድ ወረዳ ከተሰበሰበ ረጂና ተረጂ አይገኝም። መጠባበቂያው በዞን ወይም ከዚያ በላይ ሲጠራቀም ግን ደጋው ለቆላው፣ ቆላውም በሌላ ዓመት ለደጋው ይደርስለታል። አዝመራ በደረሰ ጊዜ ደቦ የሚወጣው ሰው ይህን አሳብ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

የጊዜውንም ነገር ልብ ማለት ይገባል። መዋጮው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰበው ቡናውና እህሉ ከተሸጠ በኋላ ነው። ወባው የሚበረታው ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ያለፈው መዋጮ ባለቀበትና የሚቀጥለው ገና ባልተሰበሰበበት ወራት ነው። ስለዚህ የነፍስ ወከፉ ገንዘብ በአራቱ ሩብ ዓመቶች እኩል ከሚከፋፈል ይልቅ ለቆላ ጤና ጣቢያዎች የነሐሴና የመስከረም ድርሻ ከፍ ቢል መድኃኒቱ ከትኵሳቱ ቀድሞ ይደርሳል።

፮. ሰው መቍጠር

የነፍስ ወከፍ ክፍያ መሠረቱ መዝገብ ነው። በአገልግሎት ልክ ሲከፈል የተሳሳተ ወረቀት የአንድ በሽተኛ ሒሳብ ያበላሻል፤ በነፍስ ወከፍ ሲከፈል ግን የተሳሳተ መዝገብ የጤና ጣቢያውን የዓመት ሕይወት ያበላሻል። የሞተ ሰው ሳይሰረዝ ከቀረ ለሙት ይከፈላል። የተወለደ ሕፃን ሳይመዘገብ ከቀረ ሕያው ያለ ገንዘብ ይታከማል። ደግሞም መድኅኑ መዋጮ የሚሰበስበው በቤተሰብ ነው፤ የነፍስ ወከፉ ክፍያ ግን የሚቈጥረው ሰውን ነው። በአንድ መታወቂያ ሥር ሦስት ሰው ይኑር ስምንት ሰው በትክክል ካልታወቀ ስሌቱ ሁሉ በአሸዋ ላይ ይሠራል።

በወለጋ ከዚህ የበለጠ አሳሳቢ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከካማሺ አካባቢ ብዙ ሺህ ሰዎች ተፈናቅለው ወደ ነቀምቴና ወደ ሌሎች የወለጋ ከተሞች መጡ። ከዚያም በኋላ በምሥራቅ ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ በደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ወጥቷል፤ ብዙ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎችም ተጎድተዋል። እዚህ ላይ የነፍስ ወከፍ ክፍያ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ሊሠራ ይችላል። ገንዘቡ የሚከፈለው መዝገቡ ባለበት ከሆነ፣ ሰው ለሌለበትና ምናልባት ለተዘጋ ጤና ጣቢያ ይከፈላል፤ ተፈናቃዩን የተቀበለው የከተማ ጤና ጣቢያ ግን ያለ ክፍያ ያክማል። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ከነቀምቴ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስትይዝ «ስምሽ ከዚህ የለም» የምትባል ከሆነ፣ መዋጮዋን በወቅቱ የከፈለች መሆኗ ምንም አልረባትም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት የነፍስ ወከፍ ክፍያ የመጀመሪያ ሕግ ይህ መሆን አለበት፤ ገንዘቡ ሰውን ይከተል እንጂ ሰው ገንዘቡን አይከተል። የተፈናቀለ አባል በደረሰበት ከተማ በቀላል መንገድ፣ ከቀበሌው የመሸኛ ወረቀት ሳይጠየቅ፣ እንዲመዘገብና ከዚያ ሩብ ዓመት ጀምሮ ድርሻው እንዲዛወር ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ እስኪደራጅ ድረስ በግጭት ቦታዎች ለተቀባዩ ጤና ጣቢያ በአገልግሎት ልክ መክፈሉ ይሻላል።

፯. ወደ ሆስፒታል የመላክ ፈተና

ነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚገኙባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ጤና ጣቢያዎች ከባድ ሕመምተኛ ወደ እነዚህ ይልካሉ። አሁን ጤና ጣቢያው በነፍስ ወከፍ፣ ሆስፒታሉ ግን በአገልግሎት ልክ ቢከፈላቸው ምን ይሆናል? ጤና ጣቢያው ሊያክመው የሚችለውን ስኳር ታማሚ እንኳ የመላኪያ ወረቀት ጽፎ ቢያሰናብተው ገንዘቡ ከእጁ አይወጣም፤ ወጪው የሆስፒታሉና የመድኅኑ ሣጥን ይሆናል። ሆስፒታሉ በወረፋ ይጨናነቃል፤ በሽተኛውም ለትራንስፖርትና ለማደሪያ ከኪሱ ያወጣል።

ለዚህ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው በተላከው በሽተኛ ቍጥር ላይ መከታተያ ማድረግ ነው፤ ሆስፒታሉ «ይህ በጤና ጣቢያ ሊታከም የሚችል ነበር» ብሎ የመለሰው ሲበዛ ጤና ጣቢያው እንዲጠየቅበት። ሁለተኛው ክፍያውን መቀላቀል ነው፤ ማለት ዋናው ገንዘብ በነፍስ ወከፍ ሆኖ፣ የደም ግፊታቸውና የስኳር ሕመማቸው በጤና ጣቢያው ክትትል ለተስተካከለላቸው ሰዎች ጥቂት ጭማሪ መስጠት። የክትትል ሥራ በነፍስ ወከፍ ብቻ ሲከፈል ይረሳል፤ በአገልግሎት ልክ ብቻ ሲከፈል ደግሞ ያለ ልክ ይበዛል።

፰. ከሌሎች አገሮች የምንማረው

የነፍስ ወከፍ ክፍያ አዲስ ነገር አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1911 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ መድኅን ሕግ ሐኪሞች በመዝገባቸው ላይ ባለው ሠራተኛ ቍጥር እንዲከፈላቸው አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲቋቋምም ይኸው ልማድ ለቤተሰብ ሐኪሞች ቀጠለ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ለሕዝቧ ሁሉ መድኅን ስትዘረጋ በነፍስ ወከፍ 1,202 ባት መደበች። ለተመላላሽ ሕክምና በነፍስ ወከፍ፣ ሆስፒታል ለሚተኛው ደግሞ እንደ ሕመሙ ዓይነት በተወሰነ በጀት መክፈልን መረጠች። ሁለቱንም መንገድ በየቦታው መጠቀሟ ነው ትምህርቱ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የጋና ታሪክ ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ የጤና መድኅን በሕግ አቋቋመች። ወጪው እየከበደ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በአሻንቲ ክፍለ ሀገር የነፍስ ወከፍ ክፍያ በሙከራ ጀመረች፤ እያንዳንዱ አባል የሚታከምበትን አንድ ቦታ መርጦ እንዲመዘገብ ተደረገ። ሐኪሞቹ ተመኑ አይበቃም ብለው ተቃወሙ። ሕዝቡም «ሙከራው በእኛ ላይ ብቻ ለምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ፤ አሻንቲ የተቃዋሚው ፓርቲ ዋና ምሽግ ስለ ነበረች ነገሩ የፖለቲካ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ከሆነ በኋላ ሙከራው ቆመ። ስሌቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ያልተመከረበት ሕዝብ እንደማይቀበለው ከዚህ እንማራለን። በወለጋ፣ መተማመን ብዙ በተጎዳበት አገር፣ የክፍያ ለውጥ ያለ ምክክር ቢመጣ ውጤቱ ከዚህ የተሻለ ይሆናል ብለን ለመናገር አንደፍርም።

ማጠቃለያ

እስካሁን ያልነውን ባጭሩ ብንሰበስበው፣ በአገልግሎት ልክ መክፈል ለመጣው ሰው ያደላል፤ በነፍስ ወከፍ መክፈል ለተረከቡት ሰው ሁሉ ያስባል፤ ግን ጠያቂ ካጣ ያልመጣውን ረስቶ ያርፋል። ክፍያው በቅድሚያ መሆኑና የወረቀት ሥራውን ማቅለሉ የመድኃኒት እጦትን ለማስታገስ ትልቅ ተስፋ ይሰጣል። ተስፋው የሚፈጸመው ግን አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው። እነርሱም መዝገቡ ሕያዋንን ሁሉ የያዘ እንዲሆን፣ ተመኑ ደጋውንና ቆላውን የለየ እንዲሆን፣ የወረርሽኝ መጠባበቂያው ከወረዳ በላይ እንዲጠራቀም፣ ገንዘቡም ሰው በተሰደደበት እንዲከተለው ነው።

አምስተኛ የምንጨምረው ጠያቂውን ነው። ጤና ጣቢያው በየሩብ ዓመቱ ስንት አባል እንደ ተረከበ፣ ስንት ብር እንደ ደረሰው፣ ስንት ሰው እንዳከመ፣ ስንቱን ያለ መድኃኒት እንደ መለሰ በአንድ ገጽ ጽፎ በበሩ ላይ ቢለጥፍና በቀበሌው ስብሰባ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቢነበብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የዕድር ሒሳብ በአባላት ፊት ሲነበብ ያደገ ሰው ይህን ለመስማትም ለመጠየቅም አያፍርም።

በየጤና ሳይንስ፣ በየሒሳብና በየሕግ ትምህርት ክፍሉ የሚገኙ ጓደኞቻችን ለመመረቂያ የሚሆን ጥናት ሲፈልጉ ይህን እንዲያስቡበት እንጠይቃለን። አንድ የደጋና አንድ የቆላ ጤና ጣቢያ መርጦ የአንድ ሰው የዓመት ሕክምና በእውነት ስንት እንደሚፈጅ ማስላት በአንድ የዕረፍት ጊዜ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌ ያህል 150 ብር ብለናል፤ እውነተኛውን ቍጥር የሚያመጣልን ሰው ለጉትንም ለሻምቡም ትልቅ ውለታ ይውላል።